የኮሌታ ዘጠኝ ቀን

ማክሰኞ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በአጥንት ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሐኪሙ፣ በሸሚዝ ፋብሪካ ኮሌታ የሚያጣብቀው ሰውዬ እና የሰውዬው ሚስት። ሰውዬው በፋብሪካው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኮሌታ ሌላ ነገር ነክቶ ስለማያውቅ ስሙ ተረስቶ «ኮሌታ» ሆኖ ቀርቷል። ሚስቱ ብቻ «የሚጡ አባት» ትለዋለች፤ ስትናደድ ደግሞ «አንተ ሰውዬ»።

ሐኪሙ የራጁን ፊልም መብራቱ ላይ ሰቅሎ በእርሳሱ ጫፍ አንዲት ትንሽ አጥንት አሳየ።

«ይቺ ናት፤ ከአውራ ጣትህ ሥር ያለችው። ከወደቅህ ሰባት ወር ሆኖሃል፣ ዛሬም ሁለት ቦታ ናት።»

ኮሌታ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል መልስ መስጠት የሚስቱ ሥራ ነው።

«በጀሶ ታስሮ አልነበረም እንዴ ዶክተር? እንዴት እንቢ ትላለች?»

«አንዳንዷ እንቢ ትላለች። አሁን ከዳሌው ትንሽ አጥንት ወስደን እዚህ እንተክላለን። እንዲህ ያለውን የሚሠራው ባልደረባዬ ግን ወደኛ የሚመጣው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ከስምንት ሳምንት በኋላ ይመጣል። ያ ካመለጠ አጥንቷ ትሞትና መትከያ ቦታ አይኖረንም።»

«ታዲያ ይተከላ» አለች።

«አንድ ነገር አለ። ታጨሳለህ?»

«ሲጋራ ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነው» አለች ሚስቱ ኮራ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሁን ያንን የባትሪ ሲጋራ፣ ቬፑን ነው የሚስበው» አለች።

«አጥንቷ ልዩነቱን አታውቀውም» አለ ሐኪሙ። «ሁለቱም ኒኮቲን ነው። ወደዚች አጥንት ደም የሚደርሰው እንደ ክር በቀጠነ ሥር ነው። ኒኮቲን ያንን ክር ያንቀዋል። ደም የማይደርሰው አጥንት ብተክልላት የሞተ እንጨት እንደመትከል ነው።»

ከዚያ እየቆጠረ አስረዳው። ቬፑን ዛሬ ያቆማል። ለማቆም የሚረዳ፣ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት አለ። ልጥፉም ራሱ ኒኮቲን ነው፤ ግን እየተመጠነ ስለሚገባ ሰውነት ሳይረበሽ ቀስ እያለ ይለምዳል፣ መጠኑም በየጊዜው ይቀንሳል። ስድስት ሳምንት እሱን ይለጥፋል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ግን ልጥፍም የለም። ከቀዶ ጥገናው አራት ቀን ሲቀረው ሽንቱ ይመረመራል።

«ሽንትህ ውስጥ ኒኮቲን ከተገኘ ባልደረባዬ አይሠራልህም። ተራህ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ገባህ?»

ኮሌታ ራሱን ነቀነቀ። ጫማውን እያየ ነበር።

እጁ ለእሱ ምን እንደሆነ ሐኪሙ አልጠየቀም። ኮሌታ ማጣበቅ ለሚያየው ሰው ቀላል ነው። ጨርቁንና ማጠንከሪያውን አንዱን በአንዱ ላይ ትደረድራለህ፣ ከጋለው ብረት ሥር ታስገባለህ፣ መርገጫውን ትረግጣለህ፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ ትቆጥራለህ፣ ታወጣለህ። ነገሩ ያለው ግን መደርደሩ ላይ ነው። የኮሌታው ሁለት ጫፎች እኩል እንዲወጡ ጨርቁን በቀኝ አውራ ጣት ሳብ፣ ለቀቅ ማድረግ አለ። ይህን ለማስተማር ዓመት ይፈጃል። ኮሌታ ከወደቀ ወዲህ በግራ እጁ ነበር የሚስበው፤ በቀን ከሚያወጣው ግማሹን እንኳ አያወጣም፣ ከሚያወጣውም አንዳንዱ እንደ ድመት ጆሮ አንዱ ጫፍ ቀና፣ አንዱ ጫፍ ጎንበስ ይላል። አለቃው ጥሩ ሰው ስለሆነ «ከቀዶ ጥገናው በኋላ እናያለን» ብሎታል። እንዲህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ የለም። ቤት ውስጥ ደግሞ የአምስት ዓመቷ ሚጡ የትምህርት ቤት ልብሷን ቁልፎች ራሷ መቆለፍ ተምራለች፤ አባቷ ሲሞክር አይታ ነው የተማረችው።

ከሐኪሙ ወጥተው መድኃኒት ቤት ሄዱ። ሚስቱ ሚጡን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ቸኩላ ስለነበር ኮሌታ ብቻውን ገባ። ፋርማሲስቷ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ አፏ እንደ ስፌት ማሽን የሚፈጥን ሴት ናት።

«ጠዋት ጠዋት አንድ ትለጥፋለህ። ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ፀጉር የሌለበት ቆዳ ላይ። በነጋታው ቦታ ትቀይራለህ። ሁለት አንድ ላይ አይለጠፍም፣ ከላዩ ላይ ቬፕ አይሳብም። ጥያቄ አለህ?»

ኮሌታ ጥያቄ ነበረው። ቀኑን ሙሉ የሚውለው በጋለ ማሽን ፊት ነው፤ ላቡ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ይወርዳል። ይህ ነገር በላብ ላይ ይይዛል ወይ ብሎ ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር። ዞር ሲል ከኋላው ስምንት ሰው ተሰልፏል፤ አንዷ ሴትዮ ሰዓቷን እያየች ነው።

«የለኝም» አለ።

የመጀመሪያው ሳምንት ከጠበቀው በላይ ቀለለው። ቬፑን ራሱ መዶሻ ፈልጎ በግራ እጁ ሰባብሮ ጣለው። ልጥፉን ግራ ክንዱ ላይ ለጥፎ ሲሄድ የሆነ ሰው ክንዱን ይዞት የሚሄድ ይመስለው ነበር። አምሮቱ ይመጣል፣ ግን በር አንኳኩቶ እንደሚመለስ እንግዳ ነው፤ ካልከፈቱለት ይሄዳል። ሚስቱ በየማታው ክንዱን ገልጣ ታይና «ጎሽ» ትላለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሙቀቱ ጨመረ፤ ልጥፉ መውደቅ ጀመረ። አንድ ቀን ጫማው ውስጥ አገኘው። አንድ ቀን ጭራሽ አላገኘውም። ያላገኘውን እትዬ ቁልፍ አገኙት። እትዬ ቁልፍ የቁልፍ መስፊያው ማሽን ላይ የሚሠሩ፣ በዕድሜም በነገርም የፋብሪካው ታላቅ ናቸው። ተጠናቅቆ ሊታሸግ የደረሰ ነጭ ሸሚዝ አንስተው ውስጡን ሲያገላብጡ ከኮሌታው ሥር የቆዳ ቀለም ያለው አራት ማዕዘን ነገር ተለጥፎ አዩ።

«ይሄ ደግሞ የምን ቁስል ፕላስተር ነው? ሸሚዙ ታሟል እንዴ?»

ጥቅል ጨርቅ የሚሸከመው ቀጭኔ ቁመቱን አጎንብሶ አየው። ሁሉን ነገር የሚያውቅ ቀጭኔ ነው።

«አይ እትዬ፣ ይሄ የኮሌታ መድኃኒት ነው። ሸሚዙ ማጨስ አቁሟል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አለቃው እንኳ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ሸሚዝ ያነሳ ሁሉ «ይሄኛውስ አቁሟል?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ኮሌታ አብሮ ፈገግ ይላል፤ ጆሮው ግን እስኪነድ ድረስ ይቀላል። ፋርማሲስቷ ጋ ተመልሶ መጠየቅ ይችል ነበር። ሰልፉን አሰበና ተወው።

ኮሌታን ሥራ ያስተማሩት ሽማግሌ አንድ አባባል ነበራቸው፤ «የማይጣበቅ ነገር የለም፣ ሙቀት ያነሰው እንጂ» ይሉ ነበር። ማጠንከሪያው ጨርቅ በጀርባው ደረቅ ሙጫ አለው። ሲነኩት አይይዝም። ብረቱ ሲያርፍበት ግን ሙጫው ይቀልጥና ከሸሚዙ ጨርቅ ጋር አንድ ሥጋ ይሆናል፤ ሸሚዙ አርጅቶ ይቀደዳል እንጂ እሱ አይላቀቅም። ኮሌታ በዚህ አባባል አሥራ አንድ ዓመት ኖሮበታል፣ አንድም ቀን ዋሽቶት አያውቅም።

እናም በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሞ ፋብሪካው ገባ። ልጥፉን ከነወረቀቱ በሁለት ቁራጭ ነጭ ጨርቅ መሀል አድርጎ ከብረቱ ሥር አስገባና መርገጫውን ረገጠ። ለኮሌታ ሁሉ የሚሰጠውን፣ አሥራ ሁለት ሰከንዱን ሰጠው። ሲያወጣው ትንሽ ሽታ ነበረው፤ ትንባሆ ተረስቶበት የከረመ መሳቢያ ሲከፈት የሚመጣውን ዓይነት። እየሞቀ ወረቀቱን ልጦ ክንዱ ላይ ጫን አደረገው። ሙጫው ለስልሶ ነበርና ያዘ። ቀኑን ሙሉ ላብ ወረደበት፤ ንቅንቅ አላለም።

ኮሌታ ደስ አለው። በዚያ ወር ራሱ አስቦ ያደረገው ብልህ ነገር ያ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እንዲሁ አደረገ፤ ለእሑድ የሚሆነውን ቅዳሜ አዘጋጅቶ በኪሱ ይዞ ይገባል።

አምሮቱ ግን ከዚያኑ ቀን ከሰዓት ጀምሮ ተቀየረ። እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ባለቤት ሆኖ ገባ። በሁለተኛው ቀን እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ሚጡ መዝሙር ስታንጎራጉር ጮኸባት፤ ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ይዛ እናቷ ኋላ ተደበቀች። እንቅልፍ አጣ፣ የበላው ሁሉ ወረቀት ወረቀት አለው። ከንፈሩን ነክሶ አደማው። ማሽኑ ላይ ሲቆም ቀኑን በሙሉ ማሰብ ስላቃተው በአሥራ ሁለት ሰከንድ ከፋፈለው። አሥራ ሁለት ሰከንድ ይችላል። ያወጣና ሌላ ያስገባል፤ ሌላ አሥራ ሁለት ሰከንድ። ምሳ ሲደወል አንድ ሰው ከጉድጓድ በገመድ ያወጣው ያህል ይተነፍሳል፤ ከምሳ በኋላ ገመዱ መልሶ ይለቀዋል።

ያስጨነቀው ሥቃዩ ብቻ አልነበረም። ክንዱን ገልጦ ሲያይ ልጥፉ አለ። አልወደቀም፣ አልተላቀቀም፣ መጠኑም ገና ትልቁ ነው። መድኃኒቱ እያለበት እንዲህ ከሆነ፣ መጠኑ ሲቀንስ ምን ሊሆን ነው? ጭራሽ ሲቆምስ? ሌላውን ሰው የሚያድን መድኃኒት ከእሱ ጋር ሲደርስ አቅም ካጣ፣ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሊሆን አይችልም።

«ላይችል አይሰጠውም» አሉት እትዬ ቁልፍ፣ በስምንተኛው ቀን አንድ ጣሳ ውሃ አቀብለውት። «ታየኛለህ፣ ትወጣዋለህ።»

«እየተለጠፈልኝ ነው እኮ ያልቻልኩት እትዬ» አላቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት እሳቸው ከእሱ የሰሙት ረጅሙ ንግግር ይህ ነበር።

ዘጠኝ ቀን ቆየ። በአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ ማሽኑን አጥፍቶ ከቦይለሩ ክፍል ጀርባ ሄደ። ቀጭኔ እዚያ ግድግዳ ተደግፎ ቬፑን ይስባል፤ የማንጎ ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል።

«ኮሌታ፣ ምነው? ፊትህ ተጨምቆ የተረሳ ጨርቅ መስሏል።»

«አንዴ ስጠኝ።»

ቀጭኔ ወዲያው አልሰጠውም። ቬፑን ከጀርባው ደበቀ።

«ተው እባክህ ወንድሜ። የሚጡ እናት ብትሰማ ቁመቴን ታሳጥረዋለች።»

«አንዴ» አለ ኮሌታ። እጁን ዘርግቶ ቆመ። ለምኖ የማያውቅ ሰው ሲለምን ማየት ከባድ ነው። ቀጭኔ ሰጠው።

የመጀመሪያውን ስቦ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። ዓለም ሁሉ ወደ ቦታው ተመለሰ። የቦይለሩ ድምፅ የቦይለር ድምፅ ሆነ፣ ፀሐዩም ፀሐይ። እንዲያ ደስ ብሎት ሳለ አለቀሰ፤ ቀጭኔ ያላየ ለመምሰል ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

በማግሥቱ የራሱን ገዛ። ልጥፉንም በየጠዋቱ በብረቱ ሥር እያሳለፈ መለጠፉን ቀጠለ፤ ሚስቱ ማታ ማታ ታያለቻ።

እሑድ ጠዋት ሚስቱ ጀርባውን ታጥበው ነበር። ከወደቀ ወዲህ እሷ ናት የምታጥበው። ክንዱ ላይ ያለው ልጥፍ ውሃ ነክቶት ጫፉ ተነስቷል። ልታስተካክለው ስትል እጇ ቆመ።

«ይሄ ነገር ምን ነክቶት ነው?»

«ምኑ?»

«የጨርቅ ሽመና ታትሞበታል እኮ። እይ፣ እያንዳንዱ ክር ይታያል።»

ኮሌታ ነገራት። የሚደብቀው ሌላ ነገር ስለነበረ ይህኛውን መናገር አልከበደውም፤ እንዲያውም ስለ ብልሃቱ ትንሽ ኮራ ብሎ ነው የነገራት። ሚስቱ ልጥፉን በቀስታ ልጣ አነሳችው፣ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው፣ በወረቀት ጠቅልላ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው።

ሰኞ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀው አየ። ገና ከሩቅ እጇን ታወዛውዛለች። በሠርጋቸው ቀን እንኳ እንዲህ ስትስቅ አላያትም።

«ና፣ ና ግባ። ቁጭ በል። አይ፣ ቆመህ ስማው።»

«ምን ሆነሻል?»

«መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር። ልጥፉን አሳየኋት። መነጽሯን አደረገች፣ አወለቀች፣ መልሳ አደረገች። ምን አድርጎት ነው አለችኝ። ነገርኳት። በፈጣሪ፣ በዚያ ብረት ሥር? አለች። ለካስ መድኃኒቱ ሙቀት አይችልም። ያለውን ሁሉ ብረቱ አትንኖታል። ምናልባት እንጥፍጣፊ ቀርቶ ይሆናል፣ ልክ ልነግርሽ አልችልም፣ ግን ክንዱ ላይ ለጥፎ የሚዞረው ከተራ ፕላስተር አይሻልም አለች።»

ኮሌታ በግራ እጁ የበሩን መቃን ያዘ።

«አልገባህም?» አለች ሚስቱ፤ ሁለት ትከሻውን ያዘችው። «ያለ ምንም ነው የቆየኸው። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ፣ ያ ሁሉ እንቅልፍ ማጣት፣ መድኃኒቱ ስላልሠራ አልነበረም። መድኃኒት ስላልነበረ ነው። ባልሽን እንዲህ በይልኝ አለች፤ ይህን ያህል ዘመን እዚህ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ያለ ምንም እርዳታ በአንዴ የሚያቆም ሰው ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው፣ ሳያውቀው ያቆመ ግን እሱ የመጀመሪያው ነው በይልኝ አለች። ቆጠርኩት እኮ። ከዚያ ማክሰኞ እስከ ዛሬ አሥራ አራት ቀን። አሥራ አራት ቀን፣ የሚጡ አባት። ከባዱን ጨርሰኸዋል።»

ኮሌታ ዝም አለ። ዝም ሲል መልስ የምትሰጥለት ሚስቱ፣ አሁን መልሱን የምትጠብቀው እሷ ናት።

«ዘጠኝ» አለ።

«ምን ዘጠኝ?»

«ዘጠኝ ቀን ነው።»

ሚስቱ እጆቿን ከትከሻው ላይ አላነሳችም። ፈገግታዋም ቶሎ አልጠፋም፤ ነገሩ እስኪገባት ድረስ ፊቷ ላይ ብቻውን ቆየ። ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ ሚጡ ለአሻንጉሊቷ ስታወራ ይሰማል።

«ማን ሰጠህ?» አለች።

«እኔ ነኝ የለመንኩት።»

«ሐሙስ ነው ማለት ነው።»

«ሐሙስ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም? ልጥፉን በብረት እንደምታሳልፈው ለምን አንዲት ቀን እንኳ አላወራኸኝም? ያኔ ሄጄ ብጠይቅልህ ኖሮ…» አቋረጠችው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይሄው ነው።»

ጎረቤት አልፎ ሰላም አላቸው፤ ሁለቱም እኩል መለሱ። ከዚያ ሚስቱ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። እሷ ተቀምጦ ማዘን አትችልበትም።

«እንግዲህ ስማኝ። አራት ሳምንት አለን። ዘጠኝ ቀን በባዶ እጁ የቻለ ሰው በመድኃኒት አይችልም? ያው አንተው ነህ እኮ።»

«ያኔ እንደማልችል እያሰብኩ ነው የቻልኩት» አለ ኮሌታ።

«ታዲያ አሁን እንደምትችል አወቅህ። ይሻላል እንጂ።»

እሱ እንደሚሻል አልታየውም። ያን ምሽት ያንን ዘጠኝ ቀን የቻለውን ሰውዬ በራሱ ውስጥ ፈለገው። ሰውዬው በማያውቀው ጦርነት ሲያሸንፍ ኖሮ፣ ተሸነፍኩ ብሎ መሣሪያውን የጣለ ሰው ነው። አንድ ሰው መጥቶ «እያሸነፍክ ነው» ቢለው ኖሮ ምናልባት ዛሬም እዚያው ቆሞ ነበር። አሁን ግን ያ ሰውዬ ሄዷል፤ ወዴት እንደሄደ ለማንም አልተናገረም።

ሚስቱ አዲስ ልጥፍ፣ ከላዩ የሚደረግ የሐኪም ቤት ፕላስተርም ይዛ መጣች። ፋርማሲስቷ የማሽኑ ሙቀት በማይደርስበት፣ ከቀበቶው በታች ዳሌው ላይ እንዲለጥፍ ብላለች። ሚስቱ ራሷ በየጠዋቱ ለጠፈችለት። ሁለተኛውን ቬፕ ራሷ ሰበረችው፤ ሁለት እጅ ስላላት ቶሎ ጨረሰች። ልጥፉም ሠራ። እውነተኛው መድኃኒት እንዲህ ቀላል መሆኑን ሲያይ ኮሌታን ጭራሽ ከፋው። ሁለት ሳምንት አልሳበም። መጠኑን አንዴ ቀነሱት፣ ያንንም ቻለ። ቀጭኔ ሲያየው ቬፑን ኪሱ ይከታል፤ እትዬ ቁልፍም «እንዴት ነው የኛ ጀግና?» ይላሉ፣ እሱም «ደህና ነው» ይላል።

በሰባተኛው ሳምንት ሰኞ ልጥፉ ቆመ። እንደ ሐኪሙ ትእዛዝ ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ሰኞ ቻለ። ማክሰኞም ቻለ። ረቡዕ ማታ ሳይበላ ተኛ። ሐሙስ ቀን ምንም አልሆነም። አለቃው አልተቆጣም፣ ማሽኑ አልተበላሸም፣ ሚጡ አልታመመችም፣ ቀጭኔም በዚያ ቀን በሌላ ፈረቃ ነበር። የነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ይሠራ ነበር። ከብረቱ ሥር አስገባ፣ አሥራ ሁለት ቆጠረ፣ አወጣ። ሌላ አስገባ። ከፊቱ ያለው ክምር ያልቃል፤ ተላላኪዋ ሌላ ታመጣለች። ምሳ ሲደወል ኮቱን ለብሶ በበሩ ወጣ፣ መንገዱን ተሻገረ፣ ከሱቁ ቬፕ ገዛ፣ እዚያው ቆሞ ሳበ። ባለሱቁ «ጠፍተህ ከረምክ» አለው።

በዚያ ምሽት ግን አልደበቀም። ሚስቱ በር ስትከፍትለት ቬፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። እሷም አይታው አልሰበረችውም።

«ስንት ቀን ይቀረዋል ምርመራው?»

«ስምንት።»

«ዛሬ ብቻ ይሁን። ነገ ተው። ስምንት ቀን ብዙ ነው፤ ይወጣልሃል።»

በማግሥቱ አልተወም። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ቀን ተወ። እትዬ ቁልፍ ውሃ ሰውነት ያጥባል ብለው በየሰዓቱ ጣሳ ያመጡለት ጀመር፤ ሲራመድ ሆዱ እስኪንቦጫቦጭ ድረስ ጠጣ። አለቃው የመጸዳጃ ቤት ምልልሱን አይቶ እንዳላየ አለፈ። ሚስቱ አንድ ቀን ለመነችው፣ አንድ ቀን ሰደበችው፣ አንድ ቀን ደግሞ ልጅቷን አቅፋ ዋለች። እያንዳንዱን ቀን ሲጀምር የሚያቆምበት ቀን ያ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ለሐኪሙ ሽንቱን ሰጠ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ተጠርተው ገቡ። ሐኪሙ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አላየውም፤ ማየት አላስፈለገውም።

«አለ» አለ። «ትንሽ ቢሆን እከራከርልህ ነበር። ትንሽ አይደለም።»

«ዶክተር፣ ዘጠኝ ቀን እኮ ያለ ምንም ቆይቷል» አለች ሚስቱ። «የመድኃኒት ቤቷን ሴት ጠይቋት። በብረት ሥር አድርጎት፣ ሳያውቅ፣ ያለ ምንም።»

ሐኪሙ ነገሩን ሁሉ አስነገራት። ሳያቋርጥ ሰማት። ስትጨርስ ኮሌታን አየው።

«አምናለሁ» አለ። «እኔ ራሴ ሲጋራ ያቆምኩት በአራተኛው ሙከራ ነው። ግን እኔ ማመኔ አጥንቷን አይተክላትም።»

«ሌላ ጊዜስ?» አለ ኮሌታ። እዚያ ክፍል ውስጥ እስከዚያ ቀን ድረስ ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም።

«ከስድስት ወር በኋላ ራጅ እናነሳለን። ተስፋ ልስጥህ ብል እዋሽሃለሁ።»

ሲወጡ ሚስቱ የኮቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፈችለት። ወደ ቤት የሄዱት በእግራቸው ነው። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ እሷ መኪና ሲመጣ አይታ ክንዱን ሳበችው።

የኮሌታ ተራ በሚቀጥለው ቀን ለአንድ አናጢ ተሰጠ። ሰኞ ጠዋት አለቃው ኮሌታን ወደ ጎን ጠርቶ የማጣበቂያውን ማሽን ቀጭኔ እንደሚማርበት ነገረው። ኮሌታ ለቀጭኔ የብረቱን ሙቀትና የሰከንዱን አቆጣጠር ሲያሳየው ዋለ። ማክሰኞ ወደ ክር ለቀማው ክፍል ገባ፤ እዚያ በግራ እጁ መቀስ ይዞ ከተሰፉ ሸሚዞች ላይ ትርፍ ክር መቁረጥ ጀመረ።